እምብዛም የማይታይ ካንሰር የያዘውን ሰው ካለፈበት ሰው ጋር እንዴት እናገናኘው?

እህቴ ሳርኮማ እንደያዛት የተነገረን ሳምንት ባሕር ዳርን ብናስስ ስለ በሽታው የሚያወራን አንድ ሰው አጣን። የጡት ካንሰር ቢሆን ሰፈር ውስጥ የታከመች አትጠፋም። ሳርኮማ ግን ከአጥንት፣ ከጡንቻ ወይም ከስብ የሚነሳ ሲሆን አዋቂዎችን ከሚይዙት ካንሰሮች 1 በመቶ ገደማ ነው። አውሮፓ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው ከ6 በታች የሚይዙት ካንሰሮች እምብዛም ከማይታዩት ይመደባሉ። ሁሉም ሲደመሩ ግን ከ5 የካንሰር ታማሚ አንዱ እዚህ ውስጥ ነው። ሰው አለ ማለት ነው፣ የሚያገናኘው ነው የጠፋው።

በመጨረሻ የደረሰልን በሌላ ካንሰር የታከሙ አንድ አባት ናቸው። ጣና ዳር ቁጭ ብለን የእህቴን ፌስታል ተቀበሉንና ፊልሙን ለብቻ፣ የባዮፕሲውን (ከዕጢው ተቆርጦ የተመረመረውን) ወረቀት ለብቻ አድርገው በቀን ቅደም ተከተል ደረደሩት። «ዋናውን ለማንም እንዳትሰጡ፣ ኮፒ አስደርጉ» አሉን። ከዚያ ስለ አዲስ አበባ መንገድ፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ወረፋ ነገሩን። ያን ቀን እህቴ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ በላች።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ ስታገናኙ የበሽታውን ስም ብቻ አትፈልጉ። ያንኑ ካገኛችሁ እሰየው። ካጣችሁ ሕክምናውን እዩ፦ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) የሚጀምር ኬሞ ከጨረሰ ጋር፣ እግሩ የሚቆረጥ እግሩ ከተቆረጠ ጋር፣ ለጨረር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ ያንን መንገድ ከሚያውቅ ጋር። ለአስታማሚ ደግሞ አስታማሚ ፈልጉለት። ገንዘብ ማለቁን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ አንዳንዴም መማረሩን ታማሚው ፊት አይናገረውም።

ደጋፊ የሚሆነው ሰው ሕክምናውን ጨርሶ ትንሽ የቆየ፣ የራሱን ታሪክ ሲያወራ የማይረበሽ ይሁን። ወሬ የሚያወጣ ሰው ግን ምንም ያህል ደግ ቢሆን ይቅር።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ቀን ነው። እኛ ጋ ቤተሰቡ ሁሉ አውቆ ታማሚው ብቻ የማያውቅበት ቤት ብዙ ነው፤ «ቁስለት ነው» ተብሎ ኬሞ የሚወስድ ሰው አለ። ስለዚህ ደጋፊው «ካንሰር» የሚለውን ቃል ቀድሞ አያውጣ። «ሐኪሙ ምን አሉህ?» ብሎ ይጠይቅና ታማሚው በተጠቀመበት ቃል ይቀጥል። ቤተሰብ «ደብቅልን» ካለ ውሸት ውስጥ አይግባ፤ «ይህን ሐኪሙን ብትጠይቃቸው ይሻላል» ይበል። መገናኛው ጎረቤት የማይገባበት ቦታ ቢሆን ደስ ይላል፣ የሐይቁ ዳር ጥላ ይበቃል። አንድ ሰዓት አይለፍ። «አይዞህ»ም ቶሎ አይምጣ፤ ሰውየው ፍርሃቱን ሳይጨርስ «አይዞህ» ከተባለ ዝም ይላል፣ እኔ በእህቴ ላይ አድርጌዋለሁ።

ሌላው፣ ደጋፊ ሐኪም አይደለም። የተረፈውን ኪኒን አይሰጥም፣ ቅጠል አያዝም፣ «እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው» አይልም። ጸበል በሚሄድ ሰው ላይም አይከራከር፤ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥና ለሐኪሙ እንዲነግር ብቻ ይገፋፋው። አንድ ነገር ግን በቃሉ ይያዝ፦ ኬሞ የሚወስድ ሰው ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሄዳል። እስኪነጋ አይጠበቅም። መኖር እንደማይፈልግ ከተናገረም ብቻውን አይተውት፣ ያኔውኑ ለሐኪም ይነገር።

ደጋፊውም ሰው ነው። የሚደግፈው ሰው ሊሞትበት ይችላል። ለቅሶ ይድረስ፣ ከዚያ ይረፍ፤ ሌላ ታማሚ ወዲያው አትስጡት። የራሱ ምርመራ ሲደርስም ፍርሃቱ ይመለሳልና የሚደውልለት ሰው ይኑረው።

እህቴ አሁን ረቡዕ ረቡዕ ማታ ለአንዲት የደብረ ታቦር ልጅ ትደውላለች። በሽታቸው አይገናኝም። ባለፈው ሲያወሩ የሰማሁት ፀጉር ተመልሶ ሲበቅል መጀመሪያ ምን እንደሚመስል ነው።