ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ከመግዛታችሁ በፊት የአንገቱን ቅርጽ እንዴት ታወዳድራላችሁ?

ያገለገለ ጊታር ሲሸጥ መጀመሪያ የሚወራው ብራንዱ ነው። ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከዚያ «ድምፁ አሪፍ ነው» ይባላል። ስለ አንገቱ የሚናገር ሻጭ ብርቅ ነው። ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚያነሳው ማግኔት) ይቀየራል፣ መቃኛ ቁልፍ ይቀየራል፣ ክርማ ሁሌም ይቀየራል። ግራ እጃችሁ ውሎ የሚያድረው ግን አንገቱ ላይ ነው፣ እሱ ካልተመቻችሁ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ጎንደር ላይ ደግሞ እንደ ልብ እየያዙ የሚያማርጡበት ሱቅ የለም። አብዛኛው ሰው ወይ ከሚያውቀው ተጫዋች ይገዛል፣ ወይ አዲስ አበባ ያለ ሻጭ በቴሌግራም ፎቶ ይልክለትና ቀብድ ያስገባል። ስለዚህ ጊታሩ ፊታችሁ ቢሆንም ባይሆንም የምታወዳድሩበት ዘዴ ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ እጃችሁን እዩ

አሁን የምትጫወቱበትን ጊታር ያዙ፤ ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ። የለመዳችሁትን አንድ ዜማ ተጫወቱና አውራ ጣታችሁ የት እንዳለ ተመልከቱ። ከአንገቱ በላይ ብቅ ብሎ ወፍራሙን ክር የሚነካ ከሆነ መዳፋችሁ ሞላ ያለ፣ ክብ አንገት ይወዳል። ከጀርባው መሀል ላይ ቆሞ የሚገፋ ከሆነ ጠፍጠፍ ያለው ይመቻችኋል። «እጄ ትንሽ ነው፣ ቀጭን አንገት ነው የሚሆነኝ» የሚባለውን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። በጣም ቀጭን አንገት ላይ መዳፍ የሚያርፍበት ያጣና ጣት ከመጠን በላይ ይጨብጣል። ሠርግ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሪትም የሚመታ ሰው አውራ ጣቱ ሥር የሚያመው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ስሞቹን ለዩ፣ ግን አትመኩባቸው

ቅርጾቹ የሚጠሩት በላቲን ፊደል ነው። አንገቱ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ነው ስሙን የሚሰጠው። ሲ የሚባለው ግማሽ ክብ ነው፣ ዛሬ በብዛት የምታገኙትም እሱን ነው። ዲ ጀርባው ጠፍጠፍ ይላል፣ ትከሻው (ከጠርዙ ወደ ጀርባ የሚዞረው ጎኑ) ይሞላል። ዩ የእኛን ሀ ይመስላል፤ ጎኑ ቀጥ ብሎ ይወርድና ታች ይከብባል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ፌንደር የሚባለው አምራች የሠራቸው ጊታሮች እንዲህ ወፈር ያሉ ነበሩ። ቪ ደግሞ ታችዋ የሾለ ሀ ናት። ፌንደር በ1950ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ሠርቶታል፣ አውራ ጣቱን ከላይ ለሚያሳልፍ ሰው ግሩም ነው። ባሬ ኮርድ (በአንድ ጣት ክሮቹን ባንዴ ተጭኖ የሚመታውን) ለሚያበዛ ሰው ግን ሹሉ መሀል ላይ ይቆረቁራል።

ሌላው አምራች ጊብሰን ቅርጾቹን በዓመት መጥራት ይወዳል። «59» ሲባል ሞላ ያለ ክብ፣ «60 ስሊም ቴፐር» ሲባል ሳሳ ያለ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ የድሮ ፌንደር አንገት ተረከዝ (ከአካሉ ጋር የሚገጥመው ጫፍ) ላይ ከኤ እስከ ዲ የታተመ ፊደል ካያችሁ የነቱን (ጭንቅላቱ ሥር ክሮቹ የሚያርፉበትን ቁራጭ) ስፋት ነው የሚያመለክተው፣ ቅርጹን አይደለም። ሻጮችም ይሳሳቱበታል።

ዋናው ችግር ፊደሉ ውፍረትን አለመናገሩ ነው። ሁለቱም ሲ የሆኑ ሁለት ጊታሮች በውፍረት በ2 ሚሊሜትር ሊለያዩ ይችላሉ። 2 ሚሊሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይደለም፣ እጅ ላይ ግን ሌላ ጊታር ነው።

ለኩ

ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ከሌላችሁ ቶርኖ ቤት ወይም ጋራዥ ጠይቁ፣ አያጡትም። ሻጩን አስፈቅዱና መሀል ያሉትን ሁለት ክሮች አላልታችሁ ወደ ጎን ግፏቸው። ከዚያ የእንጨቱን ውፍረት መጀመሪያ 1ኛው ፍሬት (ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች ናቸው፣ ከጭንቅላቱ በኩል ይቆጠራሉ) አጠገብ፣ ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት አጠገብ ለኩ። ካሊፐሩ ብረቱ ላይ ሳይሆን በሁለት ፍሬቶች መሀል፣ እንጨቱ ላይ ይረፍ።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ አይባኔዝ የሚባለው አምራች «ዊዛርድ 3» የሚለው ቀጭን አንገት 1ኛው ፍሬት ላይ 19፣ 12ኛው ላይ 21 ሚሊሜትር ነው። የተለመደው ዘመናዊ ሲ መጀመሪያው ላይ 21 አካባቢ ይሆናል። «59» የሚባለው ወደ 23 ይጠጋል። በ1ኛውና በ12ኛው ፍሬት ልኬት መሀል ያለውንም ልዩነት እዩ። ወደ ታች ሲወርድ ብዙ የሚወፍር አንገት ላይ ኮርድ እየመታችሁ ምንም አይሰማችሁም፣ ሶሎ ስትገቡ ግን እጃችሁ ይታሰራል።

ቁጥሩ ውፍረትን ይነግራችኋል እንጂ ትከሻውን አይነግራችሁም። እሱን በመብራት ሽቦ ታገኙታላችሁ። ባለ 2.5 ድፍን የመዳብ ሽቦ ከነላስቲኩ አንድ ስንዝር ያህል ቁረጡ፣ ላስቲኩ ቀለሙን እንዳይቧጭር ይጠብቃል። 1ኛው ፍሬት ላይ ከአንገቱ ጀርባ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጠቅልሉትና በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ቅርጹን ሳታበላሹ ወደ ታች አውጡትና ወረቀት ላይ አስተኝታችሁ የውስጡን መስመር በእርሳስ ተከተሉ። የራሳችሁንም ጊታር እንዲሁ ሳሉት። ሁለቱን ወረቀቶች መስኮት ላይ ደርባችሁ በብርሃን ስታዩ የትኛው ትከሻው እንደሚሞላና የትኛው እንደሚሾል ቁልጭ ብሎ ይታያል። እኔ ከካሊፐሩ ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ቅርጽ የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች

አንዳንዴ «አንገቱ ወፈረብኝ» የምንለው ስፋቱን ነው። ነቱ ላይ ያለውን ስፋት ለኩ፤ ያማሃ ፓሲፊካ 112 41 ሚሊሜትር ነው፣ ብዙ ፌንደሮች 42 አካባቢ፣ ጊብሰን 43። የክሩም ርዝመት አለ። ፌንደር 648 ሚሊሜትር፣ ጊብሰን ወደ 628 ነው፤ አጭሩ ላይ ክሩ ላላ ስለሚል አንገቱ ራሱ የቀለለ ይመስላል።

የፍሬትቦርዱ (ፍሬቶቹ የተተከሉበት የአንገቱ ፊት) ክብነት ለእኛ ዜማ ትልቅ ጉዳይ ነው። ትዝታን እንደ መሰንቆ ልጫወት የሚል ሰው ክር መሳብና መንሸራተት ያበዛል። ክብነቱ የሚለካው በራዲየስ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ክብ ይሆናል። የድሮ ፌንደር ራዲየስ 184 ሚሊሜትር ነው፣ በጣም ክብ ማለት ነው። ለኮርድ ይመቻል፣ ክሩ ዝቅ ተደርጎ ከተስተካከለ ግን ቀጭኑን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ስትስቡት ድምፁ ታፍኖ ይሞታል። ጊብሰን 305 ስለሆነ ይህ እምብዛም አያጋጥመውም። ስለዚህ ቀጭኑን ክር ከ12ኛው እስከ 15ኛው ባሉት ፍሬቶች ላይ አንድ በአንድ ሳቡና ስሙ።

ጉድለቱን ፈትሹ

ቅርጹ ቢመችም የተጣመመ አንገት አትግዙ። ከጭንቅላቱ በኩል አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጠርዙ ላይ እዩ፤ ግራና ቀኙ እኩል መውረድ አለበት። ከዚያ ወፍራሙን ክር 1ኛውና መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ 7ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ስስ የስም ካርድ ውፍረት ያህል ቢሆን መልካም ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ ትራስ ሮዱ (አንገቱ ውስጥ ያለው ማቅኛ ብረት) በትክክል እንደሚዞር ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ። በበጋ የምትገዙ ከሆነ ጠርዙን በመዳፋችሁ ዳብሱት። እንጨት ሲደርቅ ይሸመቅቅና የፍሬቱ ጫፍ ወጥቶ ይቧጭራል። በሞረድ ይስተካከላል፣ ግን ዋጋ ለማስቀነስ ጥሩ ምክንያት ነው።

ከዚያ ተጫወቱ። ቁጭ ብላችሁም፣ በማንገቻ ቆማችሁም። ዝም ብላችሁ አምስት ደቂቃ ሳይሆን እጃችሁ እስኪሞቅና እስኪደክም ድረስ፤ የማይመች አንገት የሚታወቀው ሲደክማችሁ ነው።

ሻጩ ሩቅ ከሆነ

ካሊፐር የለኝም ይላችኋል። ችግር የለም፣ ቀጭን ወረቀት 1ኛው ፍሬት ጀርባ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ጠቅልሎ ምልክት ያድርግና ርዝመቱን በማስመሪያ ለክቶ ፎቶውን ይላክላችሁ። የነቱንም ስፋት ጠይቁት። ስፋቱ ከእናንተ ጊታር ጋር እኩል ሆኖ ወረቀቱ ከረዘመ የሱ አንገት የሞላ ነው። አንገቱ በብሎን የታሰረ ነው ወይስ በሙጫ የተጣበቀ የሚለውንም አጣሩ። በብሎን ከሆነ፣ እንደ ፌንደር፣ ኋላ ባይስማማችሁ ልኩ የሚገጥም ሌላ አንገት መፈለግ ይቻላል። አብዛኛው ጊብሰን የተጣበቀ ነው፤ እዚያ ላይ አንገቱን ካልወደዳችሁት ጊታሩን መሸጥ ነው። በአውቶቡስ የሚላክ ከሆነ ክሩን ትንሽ አላልቶ በጠንካራ ሳጥን ይላከው፤ ሲደርሳችሁም ቃኝታችሁ እስከ ማግስቱ አሳድሩትና የአንገቱን ቀጥታነት ያኔ እዩ።