ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጠው የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ በሀዋሳ መሥሪያ ቤቶች፣ ሆቴሎችና ኮሌጆች ውስጥ ደብዳቤውንም፣ ሪፖርቱንም፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም በእርሱና በመሰሎቹ እያገዙ ማዘጋጀት የተለመደ ሆኗል። በመሣሪያው መጠቀም በራሱ የሚያስወቅስ ነገር የለውም። ችግር የሚያስከትሉት ግን ጥቂት የአሠራር ስህተቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ የሚመነጩት ውጤቱን ማጣራት የማንችለውን ሥራ ለመሣሪያው አሳልፈን ከመስጠታችን ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፣ መልሱ አምሮ ስለተጻፈ ብቻ እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው። እነዚህ መሣሪያዎች ከተማሩት ጽሑፍ ተነሥተው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ስለሚጽፉ፣ የተሳሳተውንም ትክክለኛውንም በአንድ ዓይነት ልበ ሙሉነት ያቀርባሉ። ጥቁር ውሃ ከሀዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ነው ብለው ቢጽፉ፣ ወንዙ የሐይቁ ገባር እንደሆነና ሐይቁም በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ እንደሌለው የሚያውቅ የከተማው ነዋሪ ወዲያው ያርማቸዋል። ያው ጽሑፍ ስለ ሐይቁ ውሃ ኬሚካላዊ ይዘት የተሳሳተ አኃዝ ቢሰጥ ግን አብዛኞቻችን ሳናውቀው እናልፈዋለን። ስለዚህ ጥብቅ ማጣራት የሚያስፈልገው ይበልጡን በማናውቀው ጉዳይ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ በሥራ ቦታ ብዙ መዘዝ ሊያመጣ የሚችለው ስህተት፣ ሕግን ከመሣሪያው ትውስታ መጠየቅ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የሰው ኃይል አስተዳደር ላይ የሚሠራ ባለሙያ፣ አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ስንት ቀን የዓመት ፈቃድ እንዳለው ቢጠይቅ፣ 14 የሥራ ቀናት የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ይህ በተሻረው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት ትክክል ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 77 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል። የወሊድ ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀናት ከፍ ብሏል። መሣሪያው የተሻረውን ሕግ የሚያነሣው በተማረበት ጽሑፍ ውስጥ አሮጌውም አዲሱም ሕግ ተቀላቅለው ስለሚገኙ ሲሆን፣ ሠራተኛዋ ፈቃዷ ተቆርጦባት ስትመለስ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በደብዳቤው ላይ በፈረመው ሰው ላይ ነው።

የተሻለው መንገድ የአዋጁን አንቀጽ ራስዎ ሰጥተው፣ ከዚያው ጽሑፍ ብቻ እንዲመልስና የንዑስ አንቀጹን ቁጥር እንዲጠቅስ ማዘዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሁለት ዓምድ ስለሚታተም፣ ገጹ እንዳለ ሲገለበጥ የሁለቱ ቋንቋ መስመሮች ሊደበላለቁ ይችላሉ። የሚፈልጉትን አንቀጽ በአንዱ ቋንቋ ለይተው መስጠት ይህን ያስቀራል።

ሦስተኛው ስህተት የዘመንና የሰዓት አቆጣጠራችንን ሳይገልጹ ማዘዝ ነው። ለመሣሪያው «የ2017 በጀት ዓመት» ብቻ ቢሉት፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ ማለትዎ መሆኑን ላይረዳና በፈረንጆች 2017 ሊወስደው ይችላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተጠራ ስብሰባም ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር 9 ሰዓት ካልሆነ፣ የውጭ አገር እንግዳው ስብሰባው በሌሊት የተጠራ ሊመስለው ይችላል።

በትምህርት በኩል ያለው ትልቁ ስህተት የመመረቂያ ጽሑፍን ሙሉ ለሙሉ ማስጻፍና በተለይም ዋቢ መጻሕፍትን ከመሣሪያው መቀበል ነው። መሣሪያው የሌለ ጥናት ከነደራሲው፣ ከነዓመተ ምሕረቱ ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ የተታለሉት ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በቻትጂፒቲ የተፈጠሩ የፍርድ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው ከቢሯቸው ጋር 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ተማሪው የራሱን ረቂቅ ጽፎ፣ መሣሪያው እንደ ፈታኝ ሆኖ በጥናት ዘዴው ድክመት ላይ እንዲጠይቀው ቢያደርግ፣ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት በሚከላከልበት ዕለት ይጠቅመዋል።

መምህራንም «በኤአይ» (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) የተጻፈውን የሚለይ ሶፍትዌርን ፍርድ እንደ ማስረጃ ባይቆጥሩት መልካም ነው። የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ ያወጣውን መለያ፣ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 አንሥቶታል። ተማሪውን ስለ ጽሑፉ በቃል መጠየቅና ረቂቆቹን ማየት የተሻለ ያሳያል።

የሌላ ሰውን መረጃ ያለፈቃድ ማስገባትም ሌላ ስህተት ነው። የሆቴል እንግዳ ፓስፖርት፣ የታካሚ ካርድና የተማሪዎች የውጤት ዝርዝር ከአገር ውጭ ወዳለ ኩባንያ ሰርቨር ሊሄዱ የሚችሉ መሆናቸውን ማሰብ ይገባል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ስምና የመለያ ቁጥርን አውጥቶ መስጠት ብዙ ጊዜ ሥራውን አያጎድለውም።

በመጨረሻም መሣሪያው በእንግሊዝኛ ባሳየው ብቃት በሁሉም ቋንቋ መመዘን ያሳስታል። በኢንተርኔት ላይ ብዙ ጽሑፍ በሌላቸው ቋንቋዎች ብቃቱ ስለሚቀንስ፣ በአማርኛ የሚያደርገው ስህተት በሲዳምኛ ሊበዛ ይችላል። በሲዳምኛ የሚያስተምር መምህር የትምህርት ዕቅዱን፣ የመልመጃ ዓይነቶችንና የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ከመሣሪያው ጋር ሊነድፍ ይችላል፤ ለልጆቹ የሚነበበውን ጽሑፍ ግን ራሱ ይጻፈው፣ ወይም ቋንቋውን አፉን የፈታበት ባልደረባ መስመር በመስመር አይቶ ካላረመው በስተቀር ወደ ክፍል አያስገባው።