ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት፦ ኮምፒውተር ላይ ብቅ እያሉ የሚያስቸግሩ መልእክቶች

ባለፈው እሁድ ሄርማታ ያሉ አንዲት ጎረቤቴ አስጠሩኝ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። "ልጄ፣ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል። ነገ ፎርማት ላስደርገው ነው፤ እስቲ ከዚያ በፊት አንዴ እየው" አሉኝ። ቡና እየተቆላ ነበር። ቁጭ ብዬ ከፈትኩት።

ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከስክሪኑ በቀኝ በኩል፣ ታች ጥግ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች። ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አላት። በእንግሊዝኛ "ኮምፒውተርዎ በ5 ቫይረሶች ተጠቅቷል፤ አሁኑኑ ያጽዱ" ትላለች። ስዘጋት ሌላ መጣች። ሦስተኛዋን ግን አልዘጋኋትም፤ ጠጋ ብዬ አነበብኳት። በቀጭን ግራጫ ፊደል "ጎግል ክሮም" የሚል አለ፤ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ፕሮግራም ስም ነው። ከእሱ ጋር የማናውቀው ድረ ገጽ አድራሻ ተጽፏል። ነገሩ እዚያችው መስመር ላይ ለየለት። ቫይረስ አልነበረም። መልእክቱን የሚልከው ድረ ገጽ ነው፤ የፈቀደለት ደግሞ ከቤቱ ሰው አንዱ ነው። አቦሉ ሲቀዳ ጀመርን፣ ቶናው ሳይደርስ ጨረስን።

ይህን የምጽፈው እዚህ ጅማ "መልእክት እየመጣ አስቸገረኝ" ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ "ፎርማት ይደረግ" ስለሆነ ነው። ፎርማት ማለት ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ብዙ ነገር ጠርጎ ይሄዳል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ድረስ አያደርስም። ስለዚህ መልእክቱን ለመዝጋት አትቸኩሉ። የት ቦታ ላይ እንደወጣና የማን ስም እንዳለበት እዩ። መንስኤውን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ታች በቀኝ ጥግ ትንሽ ሳጥን እየደጋገመ ሲመጣ

የጎረቤቴ ችግር ይህ ነው። በቤት ኮምፒውተር ላይ ከማየው ሁሉ የሚበዛውም ይህ ነው።

አንድ ሰው ፊልም ወይም ኳስ በቀጥታ ለማየት አንድ ገጽ ይከፍታል። ገጹ "ሮቦት አለመሆንዎን ለማረጋገጥ አላው (ፍቀድ) የሚለውን ይጫኑ" ይለዋል። ቪዲዮው እንዲከፈት የሚጠይቅ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከላይ በግራ በኩል የምትወጣው "አላው" እና "ብሎክ" (ከልክል) የምትል ጥያቄ ከቪዲዮው ጋር ምንም ግንኙነት የላትም። ገጹ ከተዘጋ በኋላም መልእክት እንዲልክላችሁ ፈቃድ የምትጠይቅ ናት። አንዴ "አላው" ከተባለ ወዲያ በየቀኑ የቫይረስ፣ የሽልማት፣ የቁማር መልእክት ይዘንባል። ዳታችሁንም ይበላል።

ክሮም ላይ እንዲህ አድርጉ። ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጫኑና "ሴቲንግስ" ግቡ። "ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ"፣ ከዚያ "ሳይት ሴቲንግስ"፣ ከዚያ "ኖቲፊኬሽንስ" በሉ። ወደ ታች ስትወርዱ መልእክት እንዲልኩ የተፈቀደላቸው ድረ ገጾች ተዘርዝረዋል። የጎረቤቴ ዝርዝር ውስጥ 11 ነበሩ። ከአንዱ በቀር አንዱንም አያውቋቸውም።

ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ "ብሎክ" በሉ። "ሪሙቭ" የሚልም አለ፤ እኔ ግን "ብሎክ"ን እመርጣለሁ። "ሪሙቭ" ያላችሁት ድረ ገጽ እንደገና ሲከፈት ፈቃዱን እንደገና ይጠይቃል። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ እንደገና "አላው" የሚል አይጠፋም። እዚያው ገጽ ላይ ከፍ ብሎ ድረ ገጾች ከነጭራሹ መልእክት እንዳይልኩ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱንም ምረጡ። ጂሜይላችሁም ሆነ ዩቲዩባችሁ እንደ ወትሮው ይሠራሉ።

ፋየርፎክስና ኤጅ ላይም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። ሴቲንግስ ውስጥ ባለው የፍለጋ ሳጥን "ኖቲፊኬሽን" የሚለውን በእንግሊዝኛ ብትጽፉ ይወስዳችኋል።

ስክሪኑን ሞልቶ ሲጮህና ስልክ ቁጥር ሲያሳይ

ይሄኛው ሰው ያስደነግጣል። ስክሪኑ በሙሉ ሰማያዊ ወይም ቀይ ይሆናል። ድምፅ ይለቃል። "ኮምፒውተርዎ ተቆልፏል፣ እንዳያጠፉት፣ በዚህ ቁጥር ይደውሉ" ይላል። የማይክሮሶፍት ዓርማም ለጥፎበታል።

ተራ ድረ ገጽ ነው። ኮምፒውተራችሁን አልቆለፈም፤ ስክሪኑን ሞልቶ የተቆለፈ አስመሰለው እንጂ። ማይክሮሶፍት በስህተትና በማስጠንቀቂያ መልእክቶቹ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም። ቁጥር ካያችሁ አጭበርባሪ ነው፣ አለቀ።

መጀመሪያ ዋይፋዩን ወይም ዳታውን አጥፉ። "እስኬፕ" የሚለውን ቁልፍ ትንሽ ቆየት አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ገጹ ያንሳል፣ መዝጊያው ይታያችኋል። ካልሆነ "ኮንትሮል"፣ "ሺፍት" እና "እስኬፕ"ን አንድ ላይ ተጫኑ። ክፍት የሆኑትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረው ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ክሮምን መርጣችሁ "ኢንድ ታስክ" በሉ። ክሮምን እንደገና ስትከፍቱ የነበሩትን ገጾች ልመልስ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እንዳትስማሙ። ያው ገጽ ተመልሶ ይመጣል።

ቀድሞ የደወለና ሰዎቹ ኮምፒውተሩን ከርቀት እንዲነኩ የፈቀደ ካለ ግን ጉዳዩ ከበድ ይላል። ኢንተርኔቱን አቋርጡ። አስጭነዋችሁ የነበረውን ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ኤኒዴስክን፣ አጥፉት። ከዚያ በሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ። ባንካችሁንም አሳውቁ። ይህን ለነገ አትበሉት።

የትም ብትገቡ ማስታወቂያ ሲከተላችሁ

ምልክቱ እንዲህ ነው። ገጽ ስትነኩ ሌላ ገጽ ይከፈታል። ክሮም ሲከፈት የሚመጣው ጎግል ሳይሆን የማታውቁት መፈለጊያ ነው። ማስታወቂያ በማይኖርባቸው ገጾች ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ይታያል።

እዚህ ጋ በእርግጥ የገባ ነገር አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከነፃ ፕሮግራም ጋር ተጠቅልሎ ነው። የቪዲዮ ማውረጃ ስትጭኑ "ኔክስት፣ ኔክስት" እያላችሁ ስታልፉ ከመሀል አንዷ ሳጥን ሌላ ፕሮግራም እንዲጫን ትጠይቃለች። ቀድማ ምልክት ተደርጎባታል። ሳታነቡ ካለፋችሁ ፈቀዳችሁ ማለት ነው።

ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ክፈቱና በተጫኑበት ቀን ደርድሯቸው። ችግሩ ከጀመረበት ሰሞን የገባውን፣ እናንተ ያልጫናችሁትን አጥፉ። የምትጠራጠሩትን ስም ግን ሳታጣሩ አታጥፉ፤ ድምፅና ፕሪንተር የሚያሠሩት ፕሮግራሞች (ድራይቨሮች) እዚያው ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ ክሮም ውስጥ ኤክስቴንሽኖችን፣ ማለትም ክሮም ላይ የሚጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እዩና የማታውቁትን አስወግዱ። ካልተስተካከለ ሴቲንግስ ውስጥ "ሪሴት" የሚል አለ። ኤክስቴንሽኖችን ያጠፋል፣ መነሻ ገጹንም ይመልሳል። ቡክማርካችሁንና ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃል አይነካም።

በመጨረሻ ስካን አድርጉ። ዊንዶውስ 10ና 11 የራሳቸው መከላከያ አላቸው። "ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ"ን ክፈቱ፣ "ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን"፣ "ስካን ኦፕሽንስ"፣ ከዚያ የኦፍላይኑን ስካን ምረጡ። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሳና ዊንዶውስ ሳይከፈት ይፈትሻል። 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። መብራት ሊሄድ ይችላልና ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሲሞላ ጀምሩት።

አንድ ነገር ከልቤ ልንገራችሁ። ዊንዶውስን ወይም ሌላ ፕሮግራም በነፃ እንከፍታለን የሚሉ "ክራክ" ፋይሎች አብዛኞቹ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን እንድታጠፉ ይጠይቃሉ። ዘበኛውን አባርራችሁ በሩን ክፍት ትታችሁ እንደ መተኛት ነው። እንዲህ ያለ ፋይል ያለበት ኮምፒውተር ላይ ማስታወቂያው ዛሬ ቢጠፋ ነገ ይመለሳል።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ "ስክሪፕት ፋይሉ አልተገኘም" ሲል

ይህ የፍላሽ ጣጣ ነው። ተማሪ ያለበት ቤት በደንብ ያውቀዋል። ፍላሹ ወረቀት ለማሳተም ወደ ፕሪንት ቤት ይሄዳል፣ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ ምልክት) ሆነዋል። አንዷን ሁለት ጊዜ ስትነኩ ፍላሹ ላይ የተደበቀው ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዝ የያዘው የቫይረሱ ፋይል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ይሰፍራል፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥርም ራሱን ያስነሳል።

በኋላ አንቲቫይረስ ፋይሉን ያገኘውና ያጠፋዋል። "ሲነሳ ይህን ፋይል ክፈት" የሚለው ትእዛዝ ግን ይቀራል። ዊንዶውስ በታዘዘው መሠረት ይፈልጋል፣ ያጣል፣ "አልተገኘም" ይላል። ስለዚህ ይህ መልእክት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ቫይረሱ መሞቱን ነው። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ፣ "ስታርትአፕ" የሚለውን ንኩ፣ "ስክሪፕት ሆስት" የሚል ስም ያለበትን "ዲስኤብል" አድርጉ። እዚያ ካጣችሁት ፕሮግራሞችን በተወሰነላቸው ጊዜ በሚያስነሳው "ታስክ ስኬጁለር" ውስጥ ፈልጉት። ፍላሹ ላይ ያሉት ፋይሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቶቹን ሳትነኩ ፍላሹን ስካን አድርጉ፣ ከዚያ ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ "ቪው" ብላችሁ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ።

የትኛውም ድረ ገጽ "ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም" ሲላችሁ

ከታች በቀኝ ያለውን ቀን እዩ። ድረ ገጾች የደህንነት ማረጋገጫቸው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ የኮምፒውተራችሁ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ ሁሉንም ይከለክላችኋል። ያረጀ ዴስክቶፕ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። ሲአር 2032 ይሏታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ባትሪዋን መቀየር ይበቃል።

ሌላም መንስኤ አለ። ሰው አስቦ በእኛ አቆጣጠር ዓመተ ምሕረቱን ያስገባል። ኮምፒውተሩ ከ7 ወይም ከ8 ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል። ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጆቹ አድርጉት። የሰዓት ክልል ምርጫው ላይ አዲስ አበባን አትፈልጉ፤ "ናይሮቢ" የሚለውን ምረጡ፤ ሰዓታችን አንድ ነው።

እውነተኛ የሆኑ መልእክቶች

ሁሉም መልእክት ሐሰት አይደለም። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ይህን የሚያስታውስ መልእክት ሴቲንግስ ውስጥ ከመጣ የዊንዶውሱ ራሱ ነው፣ ልብ ልትሉት ይገባል። ሌሎቹን፣ ማለትም "ይህን ሞክሩ፣ ያን ሞክሩ" የሚሉትን፣ "ሴቲንግስ"፣ "ሲስተም"፣ "ኖቲፊኬሽንስ" ገብታችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ።

ፎርማት ግድ ከሆነ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልሆነ ፎርማት ይደረግ፤ እኔም አደርጋለሁ። ኮምፒውተሩን ከማስረከባችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። ፎርማት የሚያጠፋው ዊንዶውስ ያለበትን "ሲ" የሚባለውን የዲስክ ክፍል ነው፤ ብዙ ሰው ደግሞ "ፋይሌ ሲ ላይ የለም" ይላል። ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስና ዳውንሎድስ ግን በተለምዶ ሲ ላይ ናቸው። ቴሌግራም ያወረደውም ዳውንሎድስ ውስጥ ነው። እነዚህን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ፣ ገልብጣችሁም ከፍታችሁ እዩ። የጎረቤቴ የልጅ ልጆች ፎቶ በሙሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር፤ በማግስቱ ሊጠፋ የነበረው እሱ ነው። ከቶናው በኋላ ቁጭ ብለን አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ አወጣነው።