ዩኒቨርስ ቢኮማተር የሌሊቱ ሰማይ ምን ይመስላል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዩኒቨርስ አንድ ቀን መስፋቱን አቁሞ መኮማተር ቢጀምርስ? ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆኑት የሱፐርኖቫ (የሚፈነዱ ከዋክብት) ጥናቶች መስፋፋቱ ጭራሽ እየፈጠነ መሆኑን ስላሳዩ፣ በቅርቡ ይሆናል ብላችሁ አትስጉ። ጥያቄው ግን ማሰቢያ ነው፤ ብዙ ሰውም አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይሳሳትበታል።

«ከዋክብቱ ይቀራረባሉ።» አይቀራረቡም። በዓይናችን አንድ በአንድ የምናያቸው ከዋክብት በሙሉ የእኛው ጋላክሲ፣ የፍኖተ ሐሊብ ናቸው። ስበት አንድ ላይ ይዟቸዋል። ዩኒቨርስ ሲሰፋ አልተራራቁም፤ ሲኮማተርም እንዲሁ። ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብም ያው ኦሪዮን ነው።

«ጋላክሲዎች ሰማያዊ ሆነው ይታያሉ።» ወደ እኛ የሚመጣ ነገር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ማዘንበሉ ልክ ነው። መጠኑን ግን እንይ። ጎረቤታችን ጋላክሲ አንድሮሜዳ አሁንም ቢሆን በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ፀሐይ እየቀረበ ነው፤ የብርሃን ፍጥነት አንድ ሺኛ ማለት ነው። 500 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ መገኘት የነበረበት የብርሃን መስመር 499.5 ላይ ይገኛል። ብርሃንን በየቀለሙ የሚተነትነው መሣሪያ፣ ስፔክትሮስኮፕ፣ ይለየዋል፣ ዓይን ግን በፍጹም። ጨለማ ቦታ ቆማችሁ ስታዩት አንድሮሜዳ ፈዘዝ ያለ ነጭ ጭጋግ ነው።

«በዚያው ሌሊት እናውቃለን።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። መኮማተሩ ዛሬ ማታ ጀመረ እንበል። ከሩቅ ጋላክሲ የሚመጣው ብርሃን ከተነሳ ቆይቷል፤ መንገዱን ሁሉ ከህዋው ጋር እየተለጠጠ፣ ማለትም ወደ ቀይ እያዘነበለ ነው የመጣው። አሁን መጨመቅ ቢጀምር እንኳ መጀመሪያ የተለጠጠውን ማካካስ አለበት። ስለዚህ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚኖር ተመልካች፣ ጎረቤት ጋላክሲዎችን ወደ ሰማያዊ አዘንብለው፣ ቢሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቁትን ግን ገና ወደ ቀይ እንዳዘነበሉ ያገኛቸዋል። ድንበሩ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋል። ዩኒቨርስ ዞሮም ሰማዩ ለረጅም ዘመን የድሮውን ወሬ ያወራል።

«ሁሉም ወደ አንድ መሃል ይወድቃል።» መሃል የለም። በየትኛውም ጋላክሲ ብትሆኑ ሩቆቹ ሁሉ ወደ እናንተ ሲመጡ ታያላችሁ።

«ሌሊቱ እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው።» ከቢግ ባንግ የተረፈው የጀርባ ጨረር ዛሬ 2.7 ኬልቪን ነው (ኬልቪን ከመጨረሻው የቅዝቃዜ ወሰን ተነስቶ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው)። ርቀቶች በግማሽ ሲያጥሩ 5.4 ይሆናል። መቶ እጥፍ ሲያጥሩ 270፣ ውሃ በረዶ የሚሆንበት አካባቢ፤ ዓይን አሁንም ምንም አያይም። ሺህ እጥፍ ሲያጥሩ ግን 2700 ይደርሳል። የድሮው አምፖል ውስጥ የምትግለው ቀጭን ሽቦ ሙቀት ነው። ያኔ ሰማዩ በሙሉ፣ በከዋክብት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀር፣ እንደዚያች ሽቦ ያበራል።