ከቸርኬ ላይ አልለቅ ያለ የፍሬን ብናኝ

ከባሕር ዳሩ ቤዛዊት ኮረብታ ፍሬን እየያዘ ቁልቁል ወርዶ በቀጥታ ወደ ላቫጆዬ የሚመጣ ደንበኛ አለኝ። ቸርኬው እጅ ያቃጥላል። ውሃ አላስነካውም፤ «አንተ ሻይ ጠጣ፣ እሱ ይብረድ» እለዋለሁ። በጋለ ቸርኬ ላይ የፈሰሰ የማጠቢያ መድኃኒት እዚያው ደርቆ እድፍ ይተዋል።

ሲበርድ አቧራውን በውሃ አወርዳለሁ። ከዚያ ጓንት አድርጌ ከፍሬን የሚወጣውን የብረት ብናኝ የሚያሟሟውን ፈሳሽ እረጫለሁ። ብረቱን ሲያገኝ ቀለሙ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ደም ይመስላል፣ አትደንግጡ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽ እሹት። የፊቶቹ ይብሳሉ፤ ፍሬን ሲያዝ አብዛኛው ጫና ወደ ፊት ነው። የብሎን ጉድጓዶቹን በጥርስ ብሩሽ። የሽቦ ብሩሽ ግን ወዲያ! አንዴ የሰው ቸርኬ ጭሬ ከኪሴ ከፍያለሁ። በብዙ ውሃ አለቅልቁ፤ እጣቢው ብቻ ወደ ጣና እንዳይወርድ።