«ከልጄ ጋር እናወራለን» የሚል ወላጅ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዱን ወላጅ «ከልጅህ ጋር ታወራላችሁ?» ብትሉት «እንዴታ! በየቀኑ» ይላል። ልጁን ጠይቁት፤ «ኧረ ምንም አናወራም» ይላችኋል። ሁለቱም አልዋሹም። ወላጁ የቆጠረው የተናገረውን ነው። ልጁ የቆጠረው ሲናገር የተደመጠበትን ጊዜ ነው።

ትዕዛዝን እንደ ጨዋታ መቁጠር

«በላህ? አጠናህ? ስልኩን አስቀምጥ!» ለእኛ ይህ ፍቅር ነው። እናቶቻችንም ፍቅራቸውን የገለጹልን «ብሉ፣ ብሉ» እያሉ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ግን ምርመራ ይመስለዋል። አንድ ቀን ለልጃችሁ የምትናገሩትን ልብ በሉት። ትዕዛዙና ጥያቄው ሲወጣለት ምን ይቀራል? እኔ ሞክሬው ደንግጫለሁ።

ምስጢሩን ቡና ላይ ማውጣት

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ልጄ 14 ዓመቷ ሳለ አንድ ልጅ እንደወደደች በሹክሹክታ ነገረችኝ። አመነችኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ቡና ስንጠጣ ለጎረቤቴ አወራሁት። ክፋት አልነበረኝም፤ ሳቅ ብለን አለፍነው። ጎረቤቴ ግን ልጄን መንገድ ላይ ስታገኛት «አንቺ፣ ሰማን እኮ!» አለቻት።

ልጄ አልጮኸችም፤ አላኮረፈችም። ብቻ ከዚያ በኋላ «ትምህርት እንዴት ነበር?» ስላት መልሷ «ሰላም ነው» ሆነ። አንድ ዓመት ሙሉ። እኔ ጨዋታ ያልኩት ለእሷ ክህደት ነበር። ወላጅ ልጁን ይቅርታ በማይጠይቅበት ቤት ስላደግኩ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ብሎኝ ቆየ። በመጨረሻ ጠየቅኳት። አሁን የሆነ ነገር ስትነግረኝ «ለአባትሽ ልንገረው ወይስ ይቆይ?» እላታለሁ።

ከሌላ ሰው ልጅ ጋር ማወዳደር

ጥር 2015 ላይ በተነገረው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ተፈታኞች ብቻ ነበሩ። በዚያ ዓመት እንኳ «የእከሌ ልጅ አልፎ የለ?» የተባለ ልጅ አውቃለሁ። አባትየው እልህ ሊያሲዘው ነበር። ልጁ የሰማው «አትረባም» የሚለውን ነው።

በማለዳ ከባድ ነገር ማንሳት

በጉርምስና ዕድሜ እንቅልፍ የሚመጣበት ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ሌሊቱ ይገፋል። ልጆቹ ደግሞ በቀን ለ8 እስከ 10 ሰዓታት ያህል መተኛት ያስፈልጋቸዋል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነጫነጭ ሁልጊዜ ንቀት አይደለም።

ልጆች ሆይ፣ «ምንም» ማለት

ይህ የእናንተ ነው። እናንተ «ተዉኝ» ለማለት ነው «ምንም» የምትሉት። ወላጅ ግን «አንድ ነገር ደብቆኛል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ከዚያ ስልክ መበርበር ይመጣል። ልጄ ዘንድሮ «እማዬ፣ አሁን ደክሞኛል፤ ማታ እነግርሻለሁ» ማለት ጀምራለች። ማታ መጥታ ኩሽና በር ላይ ትቆማለች። እኔም ምድጃውን አጥፍቼ እቀመጣለሁ።