አየር ሳቢው ማማሰያ እየዞረ ኦክስጅን ካነሰ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ በአቃቂ፣ በቃሊቲ ወይም በሰበታ ፋብሪካዎች ውስጥ አየር ሳቢ ማማሰያ የተገጠመለትን የፍሳሽ ማጣሪያ ታንክ ለሚከታተሉ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። መሣሪያው የተለየ የአየር መግፊያ የለውም፤ ክንፉ በፍጥነት ሲዞር ከኋላው ያለው ግፊት ስለሚቀንስ፣ ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር ውስጡ ባዶ በሆነው ዘንግ ወርዶ በክንፎቹ ጫፍ ይወጣል።

ችግር፦ ሞተሩ ይዞራል፣ የአየር አረፋ ግን አይታይም።

በመጀመሪያ መመርመር ያለበት የፈሳሹ ከፍታ ነው። ክንፉ አየር መሳብ የሚጀምረው የሚፈጥረው የግፊት ቅናሽ በላዩ ከተጫነው ፈሳሽ ግፊት ሲበልጥ ብቻ ነው። ከክንፉ በላይ ያለው ጥልቀት በእጥፍ ቢጨምር፣ አየር መሳብ ለመጀመር የሚያስፈልገው ፍጥነት በ1.4 እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ የሚፈለገው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ስለሚጨምር ወደ 2.8 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ፍጥነት ከመጨመር በፊት ፈሳሹን አምራቹ ወደወሰነው ከፍታ ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ ይህን ዘሎ ኢንቨርተሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) መነካካት ሞተሩን ለቃጠሎ መዳረግ ነው።

ከፍታው ትክክል ከሆነ ሞተሩ የሚስበው የኤሌክትሪክ መጠን (አምፔሩ) ይነበብ። አየር የተቀላቀለበት ፈሳሽ ክንፉን ስለሚያቀልለት፣ አምፔሩ ከወትሮው ከፍ ካለ የዘንጉ ቀዳዳ በጭቃ፣ በፀጉር ወይም በክር መዘጋቱን ይጠቁማል፤ ዝቅ ካለ ግን ሞተሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ላልቶ ሊሆን ይችላል። የኤሌክትሪክ መስመር ከተጠገነ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ ሞተሩ ወደ ኋላ እየዞረ እንዳይሆን አቅጣጫው ይታይ፤ መፍትሄው ኃይሉን አቋርጦና ማብሪያውን ቆልፎ ከሦስቱ ፌዞች (የሞተሩ የኤሌክትሪክ መስመሮች) ሁለቱን ማቀያየር ነው።

ችግር፦ ፈሳሹ በአንድነት ይሽከረከራል፣ መሐሉም ይሰረጉዳል።

በታንኩ ግድግዳ ላይ በቁመት የሚቆሙት ጠፍጣፋ ብረቶች የሉም ወይም ወድቀዋል። ስፋታቸው የታንኩን ዲያሜትር አንድ አሥረኛ የሚያህል አራት ብረቶችን በእኩል ርቀት መትከል ያስፈልጋል።

ችግር፦ በንጹህ ውኃ ሲሞከር የኦክስጅን መለኪያው ከ7 ሚሊግራም በሊትር አያልፍም።

ይህ ብልሽት አይደለም። በባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹህ ውኃ 9.1 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው በእኛ አካባቢ ግን የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ መጠኑ 7 አካባቢ ላይ ይቆማል። መለኪያው በአካባቢው ግፊት መስተካከል አለበት። በሥራ ላይ ያለ ታንክ 2 ሚሊግራም ያህል እንዲይዝ ከተፈለገ፣ ኦክስጅኑን ወደ ፈሳሹ የሚገፋው ልዩነት በባሕር ጠለል ካለው 7 (9.1 ሲቀነስ 2) ወደ 5 (7 ሲቀነስ 2) ስለሚወርድ፣ ለባሕር ጠለልና ለዚሁ 2 ሚሊግራም ከተሰላው የአምራቹ አቅም ሲሦ ገደማ ቀንሶ ማቀድ ይገባል።